ጥርስ እንደ ቡና አይጎነደልም

ጅማ ውስጥ ከመርካቶ ተነስቶ ወደ ፈረንጅ አራዳ በእግሩ የሚሄድ ሰው ቀና ብሎ ካየ ጥርስ ያያል። ባነር ላይ የተሰቀለ ጥርስ፣ መስኮት ላይ የተለጠፈ ጥርስ። ስልኩን ሲከፍትም ቲክቶኩና ቴሌግራሙ ላይ ያው ነው። ሁለት ፎቶ ጎን ለጎን ይቀመጣል፤ አንዱ «በፊት»፣ ሌላው «በኋላ» ይላል። «በፊት» የተባለው ቢጫ ወይም የተዛነፈ ነው፤ «በኋላ» የተባለው ሐጫ በረዶ።

እኔን የሚያሳስበኝ ያልተሰቀለው ሦስተኛው ፎቶ ነው። ከአንድ ወይም ከሁለት ዓመት በኋላ ሊነሳ ይገባው የነበረው፣ ድዱ ያበጠበት፣ ጠርዙ የጠቆረበት፣ አንዱ ጥርስ ተሸርፎ የሌላው ቀለም የተለወጠበት ፎቶ። ያንን የሚለጥፍ የለም። የሠራው ባለሙያ አይለጥፈውም፤ ታካሚውም ሲስቅ አፉን በእጁ ይሸፍናል እንጂ ፎቶ አይነሳም። ዛሬ የምጽፈው ስለዚህ ፎቶ ነው። ለማሳመር ተብሎ ተሠርቶ የተበላሸ ጥርስ እንዴት ይታረማል? ሒሳቡንስ ማን ይክፈል?

የጥርስ ሐኪም አይደለሁም፤ የተማርኩት ኢኮኖሚክስ ነው። ነገሩን ሳየው ግን ግማሹ የሕክምና፣ ግማሹ የገበያ ችግር ሆኖ አገኘሁት። ስለ ገበያው ደግሞ የምለው አለኝ።

ከቡናው ሽያጭ በኋላ

እኔ የምኖረው ጅሬን ነው፤ የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ያለበት ሰፈር። እዚህም ሆነ በአጋሮ፣ በየቡ፣ በሊሙ ብዙ ነገር ቡናን ይጠብቃል። ከመስከረም ማለቂያና ከጥቅምት ጀምሮ እሸቱ ይለቀማል፣ ይደርቃል፣ ጀንፈሉ ይሸጣል። ከዚያ በኋላ ነው ጣሪያ የሚቀየረው፣ ሞተር የሚገዛው፣ ሠርግ የሚደገሰው። በቅርብ ዓመታት ደግሞ ጥርስ ማሠራት እዚህ ዝርዝር ውስጥ ገብቷል። ምን ችግር አለው? ሰው በለፋበት ገንዘብ ቢያምር ማንንም አይጎዳም።

የአክስቴ ልጅ አጋሮ ነው የሚኖረው። ጀንፈሉን ሸጦ፣ ሠርጉ ሦስት ሳምንት ሲቀረው፣ የላይኛዎቹን ስድስት የፊት ጥርሶች አሠራ። ጥርሶቹ ጤነኞች ነበሩ። ትንሽ ቢጫ ብለዋል፣ መሃላቸው ደግሞ ፍንጭት አለ። እናቱ ያንን ፍንጭት ከልጅነቱ ጀምሮ ትወደው ስለነበር ገና ሲገባ «ምን አደረግኸው?» ነው ያለችው። የሠርጉ ፎቶ ላይ ግን ያምራል፤ እውነቱ መነገር አለበት።

ስድስት ወር ሳይሞላ ሲፋቅ ድዱ መድማት ጀመረ። ሽታ መጣ። ቀዝቃዛ ውሃ ሲጠጣ ያመዋል። ከዚያ አንዱ ተሸረፈ። ወደ ሠሩለት ሰዎች ሲመለስ መጀመሪያ «በደንብ ስለማትፋቅ ነው» ተባለ። ለሁለተኛ ጊዜ ሲሄድ «እንደገና ይሠራልኝ ካልክ እንደ አዲስ ነው የምትከፍለው» ተባለ። ደረሰኝ ነበረው። ደረሰኙ ላይ «የጥርስ ሕክምና» ከሚለውና ከብሩ መጠን በቀር ምንም አልተጻፈም።

ሌላ ቦታ ሲሄድ ያገኘችው ሐኪም ሦስት ነገር ጠየቀችው። የተለጠፈው ምንድን ነው? ሲሠራ ጥርሱ ምን ያህል ተሞርዷል? ከሥራው በፊት የተነሳ ራጅ አለህ? ለሦስቱም መልስ አልነበረውም። ራጅ ሲነሳ የተለጠፈው ቁስ ከድዱ ሥር ድረስ ተርፎ ገብቷል፤ ምግብ የሚያቁረውም ድዱን የሚያሳብጠውም እሱ ነበር። የሁለቱ ጥርሶች ነርቭ ደግሞ ሞቷል።

ሒሳቡን አብሬው ደምሬዋለሁ። ማንሳቱ፣ ራጁ፣ የሥር ሕክምናው፣ አዲሱ ሥራ፣ ከአጋሮ ጅማ መመላለሻው፣ ሥራ የፈታባቸው ቀናት፤ ይህ ሁሉ ሲደመር መጀመሪያ ከከፈለው ሦስት እጥፍ አለፈ። ይህን ሁሉ ከፍሎም የድሮ ጥርሱ አልተመለሰለትም።

ማረሚያው ለምን ይወደዳል?

የቡና ገበሬ ያረጀ ቡና ሲያጋጥመው ይጎነድለዋል። ግንዱን ከመሬት ትንሽ ከፍ አድርጎ ይቆርጠዋል፤ አዲስ ቅርንጫፍ ያቆጠቁጥና ከሁለት ሦስት ዓመት በኋላ መልሶ ያፈራል። ብዙዎቻችን ስለ ጥርስም የምናስበው እንደዚህ ይመስለኛል። ይሞረድ፣ ይሠራ፣ ካላማረ እንደገና ይሠራ።

ጥርስ ግን አያቆጠቁጥም። የጥርስን ላይ የሚሸፍነው ኢናሜል የሚባለው ክፍል በሰው አካል ውስጥ ካሉት ነገሮች ሁሉ ጠንካራው ነው። ሆኖም ሕያው ሴል የለውም። አጥንት ቢሰበር ይጠግናል፣ ቆዳ ቢቆረጥ ይገጥማል፤ የተሞረደ ኢናሜል ግን ዕድሜ ልክ እንደተሞረደ ይቀራል።

ስለዚህ ምን ያህል ይሞረዳል የሚለው ጥያቄ ከዋጋው በፊት መምጣት አለበት። ለማሳመር የሚሠሩት ነገሮች በጥቅሉ ሦስት ዓይነት ናቸው። አንደኛው ኮምፖዚት ነው፤ ለሙሌት የሚያገለግለው ዓይነት ቁስ ጥርሱ ላይ ይለጠፍና ይቀረጻል። በደንብ ከተሠራ ጥርሱን ብዙ አይነካም፤ ግን ከጥቂት ዓመታት በኋላ ይቀልማል፣ ይሸረፋል። ሁለተኛው ቬኒር ነው፤ ከጥርሱ ፊት ላይ ብዙ ጊዜ ከአንድ ሚሊሜትር በታች ተሞርዶ ስስ ሸክላ ይለጠፍበታል። ሦስተኛው ክራውን ነው፤ ጥርሱ ዙሪያውን ተሞርዶ እንደ ቆብ ያለ ነገር ይደፋበታል። በ2002 እ.ኤ.አ. የታተመና ባለሙያዎች እስከ ዛሬ የሚጠቅሱት አንድ የላቦራቶሪ ጥናት ልዩነቱን ለክቶታል። ለቬኒር ከሚታየው የጥርስ ክፍል ከ3 እስከ 30 በመቶ ይሄዳል፤ ለሙሉ ክራውን ከ63 እስከ 72 በመቶ።

የተሰበረና የበሰበሰ ጥርስ ላይ ክራውን ማድረግ ማዳን ነው። ለጤነኛ ጥርስ ለንጣት ብሎ ሁለት ሦስተኛውን ሞርዶ መጣል ግን ሳይቸግር ጤፍ ብድር ነው። እንግሊዞች ለዚህ «የቱርክ ጥርስ» የሚል ስም አውጥተውለታል። ወጣቶቻቸው ርካሽ ነው ብለው ወደ ቱርክ ይበራሉ፤ ቬኒር የመሰላቸው ነገር ክራውን ሆኖ፣ ጤነኛ ጥርሳቸው እንደ ችካል ሾሎ ይመለሳሉ። ሲበላሽ የሚያርመው የአገራቸው ሐኪም ነው። የእንግሊዝ የጥርስ ሐኪሞች ማኅበር ስለዚህ ጉዳይ ደጋግሞ አስጠንቅቋል። እነሱ ጠንካራ ቁጥጥር እያላቸው እንዲህ ከሆኑ እኛ እንዴት እንደምንሆን መገመት ነው።

ማረም ሲባል አሮጌውን ነቅሎ አዲሱን መለጠፍ ብቻ ከመሰለንም ተሳስተናል። ኮምፖዚት ቀለሙ ከጥርስ ጋር ስለሚመሳሰል ሲነሳ ቁሱ የት አልቆ ጥርሱ የት እንደሚጀምር መለየት ያስቸግራል፤ እጅ ካልተጠነቀቀ ጤነኛውም አብሮ ይሄዳል። ዚርኮኒያ ደግሞ በጣም ጠንካራ ስለሆነ ለማውጣት በአልማዝ መቁረጫ መታገል ይጠይቃል። ያበጠ ድድ ላይ ልክ ቢወሰድ ልኩ ስለሚሳሳት ድዱ እስኪያገግም ሳምንታት መጠበቅ ግድ ነው። ነርቩ ከሞተ የሥር ሕክምናው ይቀድማል። ከዚያ ጊዜያዊ ጥርስ ይደረግና ንክሻው፣ አነጋገሩ፣ መልኩ ይፈተናል። የመጨረሻው የሚሠራው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። በሁለት ቀን የተሠራ ነገር ለመታረም ወራት የሚፈጀው ለዚህ ነው። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል የሚባለው ዝም ብሎ አይደለም።

ለመልክ 40፣ ለቅምሻ 60

አሁን ወደ ተማርኩበት ልምጣ። ጆርጅ አከርሎፍ በ1970 እ.ኤ.አ. ስለ አሮጌ መኪና ገበያ አንድ አጭር ጽሑፍ አሳተመ፤ በ2001 የኖቤል ሽልማት ከተጋሩት አንዱ ያደረገው ይኸው ሥራ ነው። ሐሳቡ ቀላል ነው። ሻጩ የመኪናውን ጉድ ያውቃል፤ ገዢው አያውቅም። ገዢው ጥሩውን ከመጥፎው መለየት ካልቻለ ለሁለቱም የሚከፍለው አንድ ዓይነት ዋጋ ነው። በዚያ ዋጋ ጥሩ መኪና ያለው ሰው አያዋጣኝም ብሎ ከገበያው ይወጣል፤ መጥፎው ይቀራል።

ሚካኤል ዳርቢ እና ኤዲ ካርኒ ደግሞ በ1973 እ.ኤ.አ. የባሰውን ጻፉ። አንዳንድ አገልግሎት ከገዙት በኋላም ጥራቱ አይታወቅም አሉ። መካኒኩ «ይህ ዕቃ መቀየር ነበረበት» ሲል እውነቱን ይሁን አይሁን ባለመኪናው በምን ያውቃል? ጥርስም እንደዚሁ ነው። ወንበሩ ላይ አፋችንን ከፍተን ጣሪያ እያየን ምን ያህል እንደተሞረደ ማን ያየዋል? ከጨረስን በኋላ መስታወት ይሰጠናል፤ የምናየው ንጣቱን ነው። ጠርዙ ድድ ላይ በትክክል ይቀመጥ፣ ንክሻው ይግጠም፣ ከሥሩ ያልጸዳ ነገር ይኑር አይኑር መስታወት አይነግረንም።

የሚገርመኝ እኛ የቡና አገር ሰዎች ይህን ችግር ከማንም በላይ የምናውቀው መሆናችን ነው። ቡና ከላይ አይቶ መግዛት አደጋ እንዳለው አባቶቻችን ያውቃሉ። ከነአረንጓዴው የተሸመጠጠ፣ መሬት ላይ የደረቀ ቡና ከላይ ሲያዩት ደህና ሊመስል ይችላል፤ ሲቀመስ ግን አፈር አፈር ይላል፤ ታጥቦም አይለቅም። ስለዚህ ቀማሽ ተፈጠረ፣ ደረጃ ወጣ። በኢትዮጵያ ምርት ገበያ የደረጃ አሰጣጥ ከ100 ነጥብ ለጥሬው ቡና የሚሰጠው 40 ሲሆን ለቅምሻው የሚሰጠው 60 ነው። የጅማ ቡና ስንት ጊዜ በደረጃው እንደተከፋን፣ ስንት ጊዜ እንደተከራከርን እኛ እናውቃለን። ቢሆንም ሻጭም ገዢም ባልሆነ ሰው ይቀመሳል።

ለአንድ ኬሻ ቡና ይህን ያህል ከተጠነቀቅን ለጥርሳችንስ? ጥርስ ላይ ለመልክ የምንሰጠው 100 ነጥብ ነው። ቅምሻ የለም። መጥፎው ሥራ ከጥሩው ጋር በአንድ ዋጋ፣ አንዳንዴም በተሻለ ማስታወቂያ ይሸጣል። ራጅ አንስቶ፣ ድድ አክሞ፣ «አንተ ማጽዳት ብቻ ነው የሚያስፈልግህ» ብሎ የሚመልሰው ሐቀኛ ሐኪም ደንበኛው ወደ ጎረቤት ሲሄድበት ቁጭ ብሎ ያያል።

ሀፍረት ማንን ይጠብቃል?

ጫማ ሲበላሽብን ለሰፈሩ ሁሉ እናሳያለን። «እዚያ ሱቅ እንዳትገዙ» እንላለን። እንዲህ ያለው ወሬ መጥፎ ነጋዴን ይቀጣል፤ ገበያ ራሱን የሚያርመው በዚህ መንገድ ነው። የተበላሸ ጥርስ ግን የሚደበቅ ነገር ነው። የአክስቴ ልጅ ለሚስቱ እንኳ የነገራት ሽታው ከመጣ በኋላ ነው። «ለፎቶ ብሎ ነው እኮ፣ ይበለው» መባልን ፈራ። እንዲህ የሚል ሰው ደግሞ አይጠፋም።

በመሳለቃችን የምንጠቅመው አበላሺውን ነው። ተጎጂው ባፈረ ቁጥር ወሬው አይሄድም፤ ወሬው ካልሄደ ባነሩ ላይ ያለው ፎቶ ብቻውን ይናገራል።

ለነገሩ ጥርሱን ማሳመር የፈለገ ሁሉ ቀበጥ ነው እንዴ? ስምጥ ሸለቆን እናስብ። በመቂ፣ በዝዋይ፣ በወንጂ አካባቢ የጉድጓድ ውሃው ፍሎራይድ ይበዛበታል። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ ያስቀመጠው ወሰን በአንድ ሊትር 1.5 ሚሊግራም ነው፤ በስምጥ ሸለቆ ብዙ ጉድጓዶች ከዚያ በላይ ናቸው። ሕፃኑ ጥርሱ ገና ድድ ውስጥ እየተሠራ ሳለ ያንን ውሃ ሲጠጣ ያድጋል፤ ጥርሱ ቡናማ ሆኖ ይወጣል። ከዚያ አካባቢ ጅማ ዩኒቨርሲቲ የሚመጣ ተማሪ ዶርም ውስጥ «ጥርስህን አትፋቅም እንዴ?» ይባላል። ቢፍቀው ቢፍቀው አይለቅም፤ ቀለሙ ያለው ኢናሜሉ ውስጥ ነው። እንዲህ ያለ ልጅ ጥርሱን ማሳመር ቢፈልግ ማን ይፈርድበታል? የሚያሳዝነው ቀላሉ ዓይነት ብዙ ጊዜ ላይ ላዩን በስሱ በማሸት፣ በማንጻት ወይም በትንሽ ኮምፖዚት ሊሻሻል ሲችል ልጁን ክራውን ይሸጡለታል።

አዲስ ነገርም አይደለም። ድድ መነቀስ ነበር፤ ፍንጭት ተዘፍኖለታል። ጤነኛ ጥርስ ላይ የወርቅ ቆብ ያስደፉ የወላጆቻችን ዘመን ሰዎች ብዙ ናቸው። ከመካከላቸው ወርቁ ሲወልቅ ጥርሱ ከሥር በስብሶ የተገኘባቸው አሉ። ፋሽኑ ሲቀየር ወርቁ ነጭ ሆነ እንጂ ነገሩ የቆየ ነው።

የባለሙያዎቹ ወገን

ለባለሙያዎቹም ፍትሐዊ መሆን ያስፈልጋል። የሚበላሽ ሥራ ሁሉ የሐኪም ጥፋት አይደለም። ጥርስ ማፋጨት፣ ቆርኪ በጥርስ መክፈት፣ ሰዓታት ሙሉ ጫት በአንድ ጉንጭ ይዞ ስኳር የበዛበት ነገር መጠጣት የትኛውንም ሥራ ያበላሻል። ለአንድ ሰው ስድስት ጥርስ ሠርቶ ከዓመት በኋላ በቆርኪ ምክንያት በነጻ ሥራ መባል አያስኬድም።

ዋጋውም አለ። ኮምፖዚቱ፣ ማጣበቂያው፣ ሸክላው ከውጭ ነው የሚመጣው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲመራ ከተወሰነ ወዲህ ከውጭ የሚገባ ነገር ምን እንደሆነ ሁላችንም ቀምሰነዋል። የክሊኒክ ኪራይም አለ። «ዋስትና ስጡ» ሲባሉ «ዋጋ እንጨምር?» ቢሉ አይፈረድባቸውም።

የኔ መልስ «አዎ፣ ጨምሩ» ነው። የማረሚያው ወጪ ዛሬም አለ። ልዩነቱ በመጀመሪያው ቀን ሒሳብ ላይ አለመጻፉ ነው። ርካሽ የሚመስለው ሥራ ርካሽ የሆነው ግማሹን ዋጋ ታካሚው ከሁለት ዓመት በኋላ፣ ሌላ ቦታ፣ ብቻውን ስለሚከፍለው ነው። ሙሉው ዋጋ በመጀመሪያው ቀን ጠረጴዛው ላይ ቢቀመጥ ጠንቃቃው ክሊኒክ ውድ መምሰሉ ይቀራል፤ ጥቂት ሰውም «እንግዲያው ማጽዳቱ ይበቃኛል» ብሎ ይሄዳል። ይህ ለማንም ኪሳራ አይደለም።

ታዲያ ምን ይደረግ?

መጀመሪያ ወረቀት። ማንኛውም የማሳመሪያ የጥርስ ሥራ ሲሠራ ታካሚው ይዞት የሚሄድ አንድ ገጽ ይኑር። የትኞቹ ጥርሶች እንደተሠሩ፣ የተሠራው ኮምፖዚት ይሁን ቬኒር ወይም ክራውን፣ ጥርሱ መሞረድ አለመሞረዱ፣ የቁሱና የማጣበቂያው ስም፣ የቀለሙ ቁጥር፣ የሠራው ሰው ስምና የፈቃድ ቁጥር ይጻፍበት። ከሥራው በፊት የተነሳው ራጅም ይሰጠው። ዛሬ ራጅ በስልክ ይላካል፤ ወጪ አይባልም። ያቺ ሐኪም ለአክስቴ ልጅ ያቀረበቻቸው ሦስት ጥያቄዎች መልስ ቢኖራቸው ኖሮ ማረሚያው ባጠረ፣ በረከሰም ነበር።

ሁለተኛ፣ የማረሚያ ውል። በመጀመሪያው ዓመት ሥራው በራሱ ጉድለት ቢበላሽ የሠራው ያርመዋል፤ ማረም ካልቻለ ገንዘቡን ይመልሳል። በታካሚው ጥፋት ከሆነ ታካሚው ይከፍላል። የትኛው ነው የሚለውን የሚለየው ያ ወረቀትና ራጁ ነው። ሕጉ ለዚህ ባዶ አይደለም። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2031 ባለሙያ የሙያውን ደንብ የመጠበቅ ግዴታ እንዳለበት ይደነግጋል። የንግድ ውድድርና ሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006ም ሸማች ስለሚገዛው ነገር በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት ይሰጠዋል። የጎደለው ማስረጃ ነው። «የጥርስ ሕክምና» ብቻ የሚል ደረሰኝ ይዞ ማንን መክሰስ ይቻላል?

ሦስተኛ፣ ዝርዝር። ክሊኒኮችን የሚፈቅደውና የሚቆጣጠረው በክልል ደረጃ የጤናው መዋቅር ነው። ጅማ ውስጥ የጥርስ ሕክምና ለመስጠት ፈቃድ ያላቸው እነማን እንደሆኑ፣ የፈቃዳቸው ደረጃ ምን እንደሚያሠራቸው የሚያሳይ ዝርዝር በየጤና ተቋሙ በርና በቴሌግራም ቢለጠፍ ስንት ሰው ይድናል። ጥርስ ማጽዳት የሚፈቀድለት ሁሉ ክራውን መሥራት አይፈቀድለትም፤ ይህን ከእኛ ስንቱ ያውቃል? በየሱቁና በየኦንላይኑ የሚሸጠውን ማንጫም ማየት ያስፈልጋል። የአውሮፓ ኅብረት ከ6 በመቶ በላይ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ያለበትን የጥርስ ማንጫ ከልክሏል፤ ከ0.1 በመቶ የሚበልጠውንም ያለ ጥርስ ሐኪም አይሸጥም ብሏል። እኛ ዘንድ እሽጉ ላይ ምን እንደተጻፈ የሚያነብ የለም።

አራተኛ፣ ዩኒቨርሲቲያችን። ጅማ ዩኒቨርሲቲ የጥርስ ሕክምና ትምህርት ቤት አለው፤ ከአዲስ አበባ ውጭ ይህን ዕድል ያገኘ ከተማ ጥቂት ነው። እየተበላሸ የሚመጣውን የማሳመሪያ ሥራ በዓይነት በዓይነት ቢመዘግበው፣ የታካሚውንም የክሊኒኩንም ስም ሳይጠቅስ በየዓመቱ ይፋ ቢያደርገው፣ ለጥርስ ሥራ የቀማሽነቱን ቦታ ይይዝ ነበር። በአጋሮና በሊሙ ገነት የጅማን ያህል ዕድል የለም፤ ተማሪዎቹ በቡና ሽያጩ ወቅት ወጣ ብለው ቢያስተምሩ ደግሞ ከሁሉ ይሻላል።

ጥርሱ የተበላሸበት ሰውስ?

ሐኪሞችን ጠይቄ ያገኘሁትን በአጭሩ ላስቀምጥ። መጀመሪያ ሕመሙና እብጠቱ ይታከም፤ ውበቱ ይቆይ። ፊት ካበጠ፣ ትኩሳት ካለ ቀጠሮ አይጠበቅም፣ በዚያው ቀን ሆስፒታል ነው። የወለቀ ቁስ ካለ አይጣል፤ ይዞ መሄድ ያስፈልጋል። በሱፐር ግሉ መልሶ መለጠፍ ፍጹም አይሞከር። ፍንጭት በላስቲክ እዘጋለሁ ብሎ ቤት ውስጥ ማሠርም እንደዚያው ነው፤ ላስቲኩ ወደ ድዱ ሥር ይንሸራተትና ጥርሱን ከነነፍሱ ያስወልቃል። ቀለሙ የተለወጠን ኮምፖዚት ወይም ሸክላ በማንጫ አነጣለሁ ማለትም ገንዘብ ማባከን ነው። ማንጫ የሚሠራው የተፈጥሮ ጥርስ ላይ ብቻ ስለሆነ ጥርሱ ነጥቶ የተለጠፈው እንዳለ ይቀራል።

ለማረሚያ የሚሄድ ሰው ደግሞ የመጀመሪያውን ስህተት በችኮላ አይድገመው። ራጅ ሳያነሳ፣ ድዱን ሳያክም፣ «ዛሬውኑ አውጥቼ ነገ እገጥምልሃለሁ» የሚል ካጋጠመ ተነስቶ መሄድ ነው። የሁለት ሐኪም ሐሳብ መስማት ነውር የለውም። ጊዜያዊው ተደርጎ ለጥቂት ሳምንታት ሳይበሉበት፣ ሳይናገሩበት፣ ቤተሰብ ሳያየው የመጨረሻውን መቀበል አያስፈልግም።

ዘንድሮም ቡናው ይለቀማል፣ ጀንፈሉ ይሸጣል፣ ሠርጉም ይደገሳል። ጥርሳችሁን አታሠሩ አልልም። ወንበሩ ላይ ከመቀመጣችሁ በፊት ግን አንድ ጥያቄ ጠይቁልኝ፦ «ይህ ሥራ ቢበላሽ ማረሚያው ስንት ነው? የሚከፍለውስ ማን ነው?» መልሱን በጽሑፍ ተቀበሉ። በጽሑፍ አልሰጥም የሚል ካለ ፍንጭታችሁን ይዛችሁ ወደ ቤታችሁ።